ለትራንስጀንደር ልጅዎ የሚሰጠውን መጠይቅ እንዴት ይሙሉት?

ሜሪላንድ ውስጥ የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። ልጃቸው ትራንስጀንደር የሆነ (ማለትም ሲወለድ ከተባለው ጾታ የተለየ ማንነት ያለው) ወላጆች ክሊኒክ ሲመጡ አንዳንዴ «ፔድስ ኪው ኤል» የሚባል የኑሮ ጥራት መጠይቅ ይሰጣቸዋል። ወረቀቱን ሲያዩ ይደነግጣሉ። አይደንግጡ፤ 23 ጥያቄዎች ናቸው፣ ስለ ጾታ የሚጠይቅም የለባቸውም። ያለፈው አንድ ወር እንዴት እንዳለፈ ነው የሚጠይቁት፦ እንቅልፍ፣ ጉልበት፣ ፍርሃት፣ ጓደኛ፣ ትምህርት።

መልሱ ከ0 እስከ 4 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ 4 ጎበዝ ማለት ሳይሆን ችግሩ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አለ ማለት ነው።

አንዱ ቅጂ የልጅዎ ነው፣ ሌላው የእርስዎ። ለየብቻ ይሙሉ። ልጅዎን «እስቲ ምን ይላል፣ አንብብልኝ» አይበሉ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ወሬው ሰንበቴ ይደርሳል ብለው ከፈሩ «በስልክ ይሁንልኝ» ይበሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ስቴት ያለ ሰው ይቀርባል። እኔ በበኩሌ ቅር አይለኝም።

አሁን ወደ አካል ጤናው ክፍል። ወላጆች «ልጄ ምንም አልሆነም» ብለው 0 እየከበቡ ያልፉታል። የማንንም ምስጢር ሳላወጣ፣ ደጋግሞ የሚመጣውን ልንገርዎ፦ የትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት መግባት የሚፈሩ ልጆች ጠዋት ሻይ አይነኩም። የውሃ ኮዳቸው እንደሞላ ይመለሳል። ቤት ሲደርሱ ቦርሳቸውን ሳያወርዱ ሽንት ቤት ይሮጣሉ። ራስ ምታቱና ድካሙ ታዲያ ከየት መጣ? ስለዚህ ከመክበብዎ በፊት ኮዳውን ከፍተው ይዩ።

ሁለቱ ወረቀቶች ሲለያዩ (ይለያያሉ) «መቼ ነግረኸኝ ታውቃለህ?» ብለው ክርክር አይክፈቱ። የተለያዩበትን ጥያቄ ለሐኪሙ ያሳዩና ከዚያ መጀመሪያ የሚፈቱትን አንድ ችግር ይምረጡ። የመጸዳጃ ቤቱ ከሆነ፣ የግል መጸዳጃ እንዲፈቀድ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር ይነጋገሩ።

ስምም አለ። ልጅዎ በምን ስም መጠራት እንደሚፈልግ፣ አንተ ይባል አንቺ፣ ራሱን ልጅዎን ይጠይቁ። ቤት ውስጥ ለመጀመር ፍርድ ቤትም ገንዘብም አያስፈልግም። በ2016 በ«ፒዲያትሪክስ» መጽሔት የወጣው የክሪስቲና ኦልሰንና የባልደረቦቿ ጥናት 73 ትራንስጀንደር ሕፃናትን ተመልክቷል። ቤተሰብ ደግፏቸው በማንነታቸው የሚኖሩ ነበሩ፤ ድብርታቸው ከእኩዮቻቸው የተለየ አልነበረም፣ ጭንቀታቸው ብቻ ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። አያቶችን ማሳመን ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ እሱን ለልጅዎ አይተዉት፣ ራስዎ ይያዙት።

የስሜት ክፍሉ ላይ 4 ከበዛ ልጅዎ ከሐኪሙ ጋር ብቻውን እንዲነጋገር ከክፍሉ ይውጡ። ራስን ስለመጉዳት ከተነሳ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በማንኛውም ሰዓት ወደ 988 (የአሜሪካ ራስን የማጥፋትና የቀውስ እርዳታ ስልክ) ደውለው «አማርኛ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ።