ስለ ፈጠራ ማጥናት ከፈለጋችሁ፣ ከቀፊራ ጀምሩ

«የፈጠራና የሥራ ፈጠራ ማኅበራዊ ተፅዕኖ» የሚል ርዕስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሞልቷል። ሲያዩት ያምራል። ሜዳ ላይ ሲወጡ ግን ምን እንደሚጠየቅ ይጠፋል። እኔም የመጀመሪያ መጠይቄን ይዤ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ስገባ፣ አንዲት ቲማቲም ሻጭ «ቴክኖሎጂ ሕይወትሽን ለወጠው? በጣም፣ በመጠኑ፣ ምንም?» አልኳት። ቲማቲሟን መደርደር ሳታቆም «አቦ፣ የትኛውን እንድልልህ ነው የምትፈልገው?» አለችኝ። መጠይቁን ቀደድኩት። እናንተ እንዲህ ብትሠሩት ይሻላል።

አንድ ርዕሰ ጉዳይ ብቻ ያዙ። ሥራ ፈጣሪ የግድ ማሽን የፈለሰፈ ሰው አይደለም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆሴፍ ሹምፒተር በ1911 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ያለውን ነገር በአዲስ መንገድ ያቀናጀም ሥራ ፈጣሪ ነው። ስለዚህ ጉሊት ላይም ይገኛል። ለምሳሌ የአትክልት ሻጮችንና ቴሌብርን ውሰዱ። አገልግሎቱ የተጀመረው ግንቦት 2013 ስለሆነ «በፊት» እና «በኋላ» የምትሉበት ድንበር አላችሁ።

ቁጠሩ። ስንት ሰው እንደሚጠየቅ ለማስላት ሁሉም ተማሪ የያማኔን ቀመር ይወዳል፦ ጠቅላላውን ቁጥር፣ ለ1 ሲደመር ጠቅላላው ቁጥር በስህተት መጠኑ ካሬ ተባዝቶ ማካፈል። 400 ሻጭ ካለና የስህተት መጠኑ 0.05 ከሆነ፣ 200 ሰው ትጠይቃላችሁ። ቀመሩ ቀላል ነው፤ 400 የሚለው ከየት መጣ? ጉሊት መዝገብ የለውም። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ እየዞራችሁ በእጃችሁ ቁጠሩ። ቀትር ላይ አትሂዱ። በድሬ ሙቀት የሚያናግራችሁ ሰው አታገኙም።

ማነጻጸሪያ ፈልጉ። ብዙ ጥናት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ቴሌብር የምትጠቀመው ሻጭ ገቢዋ ቢሻል፣ ቴሌብር አሻሻለው ማለት አይደለም። ምናልባት ቀድሞውንም የተሻለ ገበያ ስለነበራት፣ ስማርት ስልክ ስለገዛች ይሆናል የጀመረችው። ስለዚህ ያልጀመሩትንም ጠይቁ፤ ያውም በዕድሜ፣ በሚሸጡት ዕቃና በመደባቸው ቦታ የሚመሳሰሉትን። መንገድ ዳር ያለችውን ጥግ ከተወሸቀችው ጋር አታወዳድሩ።

ጥያቄውን መሬት አውርዱት። «ገቢሽ ስንት ነው?» ካላችሁ ወዲያው «ከገቢዎች ነህ እንዴ?» ትባላላችሁ። የዩኒቨርሲቲውን የድጋፍ ደብዳቤ አሳዩ፤ ስም እንደማትጽፉ ንገሯት፤ እምቢ ካለችም አመስግናችሁ እለፉ። ከዚያ ትንንሹን ጠይቁ። ትናንት ዝርዝር ብር አጥታ ያመለጣት ደንበኛ ነበር? ዱቤ ለስንት ሰው ሰጠች? ማታ ቤቷ ስትገባ ጥሬ ብሩን የት አስቀመጠች? ስለ ድሮው ስትጠይቁ ዓመተ ምህረት አትጥሩ፤ «ኮሮና ሳይመጣ» ብትሉ ይቀላታል። መጠይቁን ወደ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አስተርጉሙ። ከዚያ ሌላ ሰው ዋናውን ሳያይ ወደ አማርኛ ይመልሰው። የተመለሰው ከዋናው ካልገጠመ፣ ትርጉሙ ተበላሽቷል።

አንድ የሐረርና የድሬ ነገር ልጨምር፦ እዚህ አንቱታ ብዙም አይዘወተርም። ከሌላ ከተማ የመጣችሁ ተማሪዎች «እርስዎ» እያላችሁ ስትጨናነቁ ሻጯም አብራ ትጨናነቃለች። ዘና በሉ።

የተጎዳውንም ፈልጉ። ሹምፒተር በ1942 እ.ኤ.አ. አዲሱ አሮጌውን እያፈረሰ እንደሚያድግ ጽፏል። ሐረር ላይ ባጃጅ ሲበዛ የድሮዎቹ ፔጆ 404 ታክሲዎች ሾፌሮችና መካኒኮች ምን ገጠማቸው? ባጃጅ ነጂዎችን ብቻ የጠየቀ ሰው ይህንን አያውቅም። ተፅዕኖ የሚባለው የሄደውንም ሰው ይጨምራል። ፈልጎ ማግኘቱ ያደክማል፤ አንዱ ሌላውን እየጠቆመላችሁ ትሄዳላችሁ።

ትንታኔው ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሶፍትዌሩን አማካሪያችሁ ያሳያችኋል። ረቂቁን ግን ለአማካሪያችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ለሁለት ሦስት ሻጮች አንብቡላቸው። እኔ ለዚያችው ቲማቲም ሻጭ ስለ ዝርዝር ብር የጻፍኩትን አነበብኩላት። «እሱስ ልክ ነው» አለች። «ማታ ገበያው ሲደራ ኔትወርክ ሲጠፋ ያለውን ግን የታለ?»

አንድ ሙሉ ገጽ ጨመርኩ።