ዳታቤዝ የሚነኩ ቴስቶችን እንዴት ማፍጠን ይቻላል?

ቴስት፣ ማለትም ኮዳችን በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸው ኮድ፣ ሲዘገይ ሰው ማስኬዱን ይተዋል። ከዚያ ስህተቱን የሚያገኘው ደንበኛው ይሆናል። እዚህ ምሳሌያችን ጃንጎ (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ) እና ፖስትግሬስ (ዳታቤዝ) ናቸው፤ በሌላ ፍሬምወርክ የምትሰሩም ሐሳቡን ልትወስዱት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ለኩ። ፓይቴስት በሚባለው የቴስት ማስኬጃ ላይ ዱሬሽንስ የሚባለውን አማራጭ 10 አድርጋችሁ ብታስኬዱት በጣም የዘገዩትን 10 ይዘረዝራል። ዝግጅቱንና ቴስቱን ለየብቻ ስለሚያሳይ፣ ብዙ ጊዜ ሰዓቱን የሚበላው ዝግጅቱ እንደሆነ ታያላችሁ።

ቀጥሎ ቀላሉን ጨርሱ። ጃንጎ ፓስወርድ ሀሽ የሚያደርግበት (ወደማይነበብ ኮድ የሚቀይርበት) ስልት ሰርጎ ገቦችን ለማድከም ሆን ተብሎ የዘገየ ነው። በቴስት ሴቲንግ ብቻ ኤምዲ5 ወደሚባለው ፈጣን ስልት ቀይሩት። ተጠቃሚ እየፈጠረ የሚጀምር ቴስት ሁሉ ወዲያው ይቀለዋል።

ትልቁ ሥራ ዝግጅቱ ላይ ነው። ሴትአፕ በሚባለው የዝግጅት ፈንክሽን ውስጥ የጻፋችሁት ለእያንዳንዱ ቴስት ይደገማል። 20 ቴስት ያለው ክላስ 50 ረድፍ የሚፈጥር ከሆነ 1,000 ረድፍ ተጻፈ ማለት ነው። ሴትአፕ ቴስት ዳታ ወደሚባለው ስታዛውሩት ለክላሱ አንዴ ብቻ ይሠራል። ደግሞስ ቫት የሚያሰላ ፈንክሽን ዳታቤዝ ምን ያደርግለታል? እቃውን ሜሞሪ ላይ ፍጠሩት፣ ሴቭ አታድርጉት።

የምትወርሱትንም ክላስ እዩ። ቴስትኬዝ የሚባለው ሁሉን በትራንዛክሽን (አብረው በሚጸድቁ ወይም አብረው በሚሰረዙ ለውጦች) ውስጥ ሠርቶ በሮልባክ፣ ማለትም ለውጡን በመሰረዝ ይመልሰዋል። ትራንዛክሽን ቴስትኬዝ ግን በየቴስቱ ሠንጠረዦቹን ባዶ ያደርጋል፤ ይሄ ከባድ ነው። እውነተኛ ኮሚት (ለውጡን ማጽደቅ) ለሚፈልግ፣ ለምሳሌ የረድፍ መቆለፍን ለሚፈትሽ ቴስት ብቻ አስቀሩት።

ከዚያ በጃንጎ የራሱ የቴስት ትዕዛዝ ላይ ኪፕዲቢ የሚለውን አማራጭ ጨምሩ፤ ማይግሬሽኑ (ሠንጠረዦቹን የሚገነባው ሥራ) በየጊዜው ከዜሮ አይጀምርም። ፓራለል የሚለው አማራጭ ደግሞ ቴስቶቹን ጎን ለጎን እያስኬደ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱን የዳታቤዝ ቅጂ ይሰጣል። በፓራለል የሚወድቅ ቴስት ካለ ከሌላው ጋር የሚጋራው ፋይል ወይም ካሽ (ጊዜያዊ የዳታ ማከማቻ) ፈልጉ።

አንዳንዱ ለፍጥነት ብሎ ቴስቱን ኤስኪውላይት ወደሚባለው ቀላል ዳታቤዝ ያዞራል። እኔ አልመክርም። 100 ፊደል ብቻ እንዲይዝ የተባለ አምድ ላይ ኤስኪውላይት 200 ቢሰጡት ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ፖስትግሬስ ግን ኤረር ይሰጣል።

ይልቅ ለቴስት ብቻ የተለየ ፖስትግሬስ አስነሱና ኤፍሲንክ የሚባለውን ሴቲንግ አጥፉት። ዲስኩ መጻፉን እስኪያረጋግጥ መጠበቁ ይቀራል። መብራት ድንገት ቢጠፋ ዳታው ሊበላሽ ይችላል፤ ለቴስት ዳታ ግን ማን ያለቅሳል? ይህ ሴቲንግ መላውን ሰርቨር ስለሚነካ፣ የምትፈልጉት ዳታ ያለበት ሰርቨር ላይ እንዳትሞክሩት።