የድሮ የብር ወይን መለያ እንዴት ይመረመራል?

በ18ኛው ክፍለ ዘመን (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝ ወይን በበርሜል ይገዛና ወደ ጠርሙስ ወይም ወደ ዲካንተር፣ ማለትም ወይን ወደሚቀዳበት የመስታወት ዕቃ፣ ይገለበጥ ነበር። የተለጠፈ ወረቀት የለም። ታዲያ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ከ1730ዎቹ ጀምሮ ብር አንጥረኞች መላ አበጁለት፦ «ፖርት»፣ «ሼሪ»፣ «ማዴይራ» የሚል የወይን ስም ያለባት፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ የብር መለያ በሰንሰለት የጠርሙሱ አንገት ላይ ትንጠለጠላለች። በ1860ዎቹ ወረቀት መለጠፍ እየተለመደ ሲሄድ ገበያዋ ቀዘቀዘ። ዛሬ ሰብሳቢዎች ይሻሟታል። አንዷ እጃችሁ ከገባች እንዲህ መርምሯት።

1. መጀመሪያ ገልብጧት። የፊቱ ጌጥ ያማልላል፤ ወሬው ያለው ግን ከጀርባ ነው። ማጉያ መነጽር ይዛችሁ የተመቱባትን ጥቃቅን ማህተሞች እዩ። እየተራመደ የፊት እግሩን ያነሳ አንበሳ ካያችሁ ብሩ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹህ ነው ማለት ነው። (ዘውድም ሰንደቅም ስለሌለው ከይሁዳ አንበሳ ጋር አይምታታባችሁ።) የነብር ራስ ካለ ብሩ የተፈተሸው ለንደን ነው፣ መልህቅ ካለ በርሚንግሃም። ነጠላ ፊደሏ ዓመቱን ትነግራለች፤ ሌሎቹ ፊደላት የሠሪው ስም ናቸው። የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ ካለበት ከ1784 እስከ 1890 ባለው ጊዜ ግብር ተከፍሎበታል።

ማህተሙ ጎደለ ብላችሁ ግን ቶሎ «ፎርጅድ ነው» አትበሉ። ከ1790 በፊት ትናንሽ የብር ዕቃዎች ሙሉ ማህተም እንዲኖራቸው ሕጉ አያስገድድም ነበር። የዚያ ዘመን መለያ የሠሪው ምልክት ብቻ ቢኖርበት አይገርምም።

2. ስሙን ፈትሹ። ዋናው ማጭበርበሪያ እዚህ ጋ ነው። ፖርትና ሼሪ እንደልብ ይገኛሉ፤ ብርቅ ስም ያለበት ግን ዋጋው ሰማይ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ብልጣብልጥ የድሮውን ስም ፍቆ ሌላ ያስቀርጻል። የተፋቀ ብር ደግሞ ይሳሳል። መሃሉን በሁለት ጣት ያዝ አድርጋችሁ ከዳሩ ጋር አወዳድሩት። ከዚያ ቀረብ አድርጋችሁ «ሃ» ብላችሁ ተንፍሱበት። ጉሙ እስኪጠፋ ባለችው ቅጽበት የድሮው ፊደል ጥላ ወይም የብየዳ መስመር ብቅ ሊል ይችላል።

3. ዳርና ዳሩን እዩ። ቀላ ያለ መዳብ ከታየ በብር የተለበጠ ነው። ዋጋው ይቀንሳል እንጂ ጥንታዊነቱ አይቀርም፤ ሼፊልድ ከተማ ይህን ሥራ ከ1740ዎቹ ጀምራ ታውቀዋለች።

4. ሰንሰለቱ አዲስ ቢሆን ብዙ አትጨነቁ። ይበጠሳል፣ ይቀየራል።

5. ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥባችሁ በጥጥ ጨርቅ አድርቁ። የጥርስ ሳሙና ይጭረዋል፤ አይሞከርም። ፊደሉ ውስጥ ያለው ጥቁር ሆን ተብሎ የተሞላ ሊሆን ስለሚችል አትጎርጉሩት። ስታስቀምጡትም የጎማ ላስቲክ አትጠምጥሙበት፤ ጎማው ውስጥ ያለው ድኝ ብርን ያጠቁራል።