ልጆችን ዳንስ ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ትልቁን ስህተት አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «እኔን እያያችሁ ሥሩ» ማለት። አስተማሪው ፊት ይቆማል። «አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት» ይላል። ሃያ ልጅ ከኋላው ይገለብጣል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ክፍሉ ያምራል፣ ወላጅም ያጨበጭባል። እስቲ ሙዚቃውን ሳትዘጉ አስተማሪውን ከፊታቸው አንሱት! እኔም ስጀምር እንደዚሁ ነበርኩ። አንድ ቀን ጉሮሮዬ ተዘግቶ መቁጠር ሲያቅተኝ ሁሉም ቀጥ ብለው አፍ አፌን ያዩ ጀመር። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ሲሠራ የከረመው ዓይናቸው ብቻ ነው።

ይህን የሰማ ጀማሪ ደግሞ «በቃ እንደፈለጋችሁ ጨፍሩ» ብሎ ይለቃቸዋል። ግማሹ ይሯሯጣል፣ ግማሹ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ልጅ የሚፈጥረው ትንሽ ስታጠብቡበት ነው። «ሳትቆሙ ክፍሉን አቋርጡ» በሏቸው፤ የሚንከባለል፣ የሚሳብ፣ በቂጡ የሚንፏቀቅ ታያላችሁ። የዳንስና የእንቅስቃሴ ተመራማሪው ሩዶልፍ ላባን የእንቅስቃሴን ጠባይ በክብደት፣ በጊዜ፣ በቦታና በፍሰት ለይቶ ያይ ነበር። ከአራቱ አንዱን ብቻ ቀይሩ፦ ያንኑ ዝላይ አሁን በዝግታ፣ አሁን በከባዱ።

አንዴ «አንድ እጃችሁ ወለሉ ላይ ተጣብቋል» አልኳቸው። ከግድግዳው የማይላቀቅ አንድ ልጅ ነበረኝ። እጁን እንደ ምሰሶ ተክሎ በእግሩ ይዞረው ጀመር። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሁለት ልጆች «ያንን አሳየን» ብለው ከበቡት። እኔ ለሳምንታት ያማጥኩበትን ልጅ እነሱ በአንድ ጥያቄ ከግድግዳው አላቀቁት።

ጎበዞቹን ሁሌ ፊት አታሰልፉ። ረድፉን አዟዙሩት።

«ጥንድ ምረጡ» የሚለውን ስሰማ ግን ደሜ ይፈላል። ሳይመረጥ የሚቀረው ልጅ ማን እንደሆነ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ራሳችሁ አጣምሯቸው፤ በየጊዜውም ቀያይሯቸው። ከዚያ የመስታወት ጨዋታ አጫውቷቸው። ፊት ለፊት ይቁሙና አንዱ ይምራ፣ ሌላው እንደ መስታወት ይከተል። መሪው ጓደኛውን ለማሳሳት መፍጠኑ አይቀርም። «ማን እንደሚመራ እንዳላውቅ አድርጉ» በሉት፤ ወዲያው ቀስ ይላል፣ ዓይን ዓይኑንም ያያል።

ካልሲ ደግሞ አስወልቁ፤ ወለሉ ያንሸራትታል።