ለአካል ጉዳተኛ ሥራ ፈላጊ፦ ከማስታወቂያው እስከ አቤቱታው

የሥራ ማስታወቂያ ሲያገኙ መጀመሪያ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ጊዜው ሲያልፍ ይነሳል፤ ክርክር ቢመጣ በእጅዎ የሚቀረው ያ ፎቶ ነው። ቀኑ፣ ማኅተሙና ተፈላጊ ችሎታው በደንብ ይነበብ። «ሙሉ ጤነኛ» የሚል መስፈርት ቢያዩም ተመልሰው አይሂዱ፣ ይመዝገቡ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሥራው ባሕርይ ካላስገደደ በቀር በአካል ጉዳት ምክንያት ከቅጥር መከልከልን አይፈቅድም።

ብዙ ብቁ ሰው የሚቀረው ፈተናው ላይ ነው፤ ስለማያውቅ ሳይሆን የሚፈተንበት ሁኔታ ስላልተመቻቸለት። በምዝገባው ዕለት የሚያስፈልግዎትን ጽፈው ከማመልከቻው ጋር ያስገቡ። «ትብብር ይደረግልኝ» ማለት አይበቃም፤ ተቀባዩ ምን እንደሚያዘጋጅ አያውቅም። ዓይነ ስውር ከሆኑ ተጨማሪ ሰዓትና የሙያውን ቃላት የሚያውቅ አንባቢ ይጠይቁ። የሒሳብ ምልክት በትክክል የማያነብ አንባቢ የሚችሉትን ጥያቄ ያስስትዎታል። ፈተናው በኮምፒውተር ከሆነ በነፃ የሚገኘው ኤንቪዲኤ (NVDA)፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ቀድሞ ተጭኖ እንዲጠብቅዎ ይጻፉ። መስማት ከተሳንዎ አስተርጓሚው ከጠያቂው ጎን ይቀመጥ፤ ከእርስዎ ጎን ከሆነ ወይ እጁን ወይ የጠያቂውን ፊት ያጣሉ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ከሆነ «ግራውንድ ላይ ይሁንልኝ» ብለው አይቁሙ። የወንበርዎን ስፋት ከነመንኮራኩሩ ለክተው በሴንቲ ሜትር ይጻፉ። ግራውንድ ሆኖ በሩ የማያስገባ ክፍል ሞልቷል።

ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ይዘው መዝገብ ቤት ይሂዱ። አንዱን ይስጡ፣ በሌላው ላይ የገቢ ማኅተሙን፣ ቁጥሩንና ቀኑን አስደርገው ይዘውት ይመለሱ። ይህች ቀሪ ከሌለች «አልጠየቁንም» ለሚል መልስ መከላከያ የለዎትም።

ካልተመረጡ ውጤትዎንና ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል የተነገረ ምክንያት በማግስቱ ይለወጣል። ከዚያ ቅሬታዎን ለመሥሪያ ቤቱ ያቅርቡ፤ ካልተፈታ ፍርድ ቤት አለ። አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብሎ የከሰሰ አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም የለበትም፤ አድልዎ አለመፈጸሙን የሚያስረዳው ተከሳሹ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «ምን ማስረጃ አለኝ?» እያለ መብቱን ትቶ ይቀራል፤ ያሳዝናል።

ከተቀጠሩም በኋላ ወረቀት አይጣሉ። አሠሪው ለሥራዎ የሚመች ሁኔታ የማመቻቸት ግዴታ አለበት፤ ጥያቄዎን እንደ ቀድሞው በጽሑፍ ያስገቡ። በግል ድርጅት ውስጥ ቢታመሙ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለዎት፦ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ። ጉዳቱ በሥራ ምክንያት የደረሰ ከሆነ የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። «ለራስህ ብትለቅ ይሻልሃል» ቢባሉ መልቀቂያ አይፈርሙ፤ በፈቃድዎ እንደ ለቀቁ ይቆጠራል።

ከግል ድርጅት ያለ አግባብ ከተሰናበቱ ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚያቀርቡት በ3 ወር ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ይህን ጊዜ በሽምግልናና በ«እናስተካክላለን» ተስፋ ይጨርሰዋል። ሽማግሌዎቹ እየተመላለሱም ቢሆን ክሱን ያስገቡ።