በማዕድን ወፍጮ ግቢ ውሃንና የተበከለ አፈርን መያዝ፦ ለኮምቦልቻና ለአካባቢዋ የተዘጋጀ መመሪያ

ከደሴ ዙሪያ ተራሮች የሚነሳው የቦርከና ወንዝ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርድና በመጨረሻ ወደ አዋሽ ያመራል። በመንገዱ ላይ ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይለማበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል። ስለዚህ በከተማዋ ዙሪያ ማዕድን ፈጭቶ የሚያጣራ ግቢ ለማቋቋም ያሰበ ሰው፣ ወይም ሥራ ያቆመ የብረታ ብረት ግቢ ለማጽዳት የተረከበ ባለሙያ፣ ከማሽኑ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ከግቢው የሚወጣው ውሃ የት እንደሚያርፍ ነው። የሥራው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ውሃውን መያዝ፣ ከዚያ በኋላ አፈሩን መንካት ነው። ውሃው ሳይገራ ቁፋሮ የጀመረ ሰው ተኝቶ የነበረውን ብክለት ቀስቅሶ ለመጀመሪያው ዝናብ ያስረክበዋል።

የመዳብ፣ የእርሳስ፣ የዚንክና የወርቅ ማዕድናት ብዙ ጊዜ ፓይራይት ከሚባለው የብረትና የድኝ ውህድ ጋር ተቀላቅለው ይገኛሉ። ድንጋዩ በተራራው ውስጥ ሳለ አየርና ውሃ በቀላሉ አያገኙትም፤ ወፍጮው አድቅቆ ሲያወጣው ግን ለአየር የሚጋለጠው ገጽ እጅግ ይበዛል። ፓይራይት ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱም እርሳስን፣ ካድሚየምን፣ ዚንክንና መዳብን እያሟሟ ወደ ውሃው ያስገባቸዋል። ይህ ሂደት ወፍጮው ከቆመ ከብዙ ዓመታት በኋላም ሊቀጥል ይችላል፤ የሚገታውም አየር ወይም ውሃ ሲከለከል ነው።

በግቢው ውስጥ ሦስት ዓይነት ውሃ እንዳለ ይታሰብ፦ ከላይ ከተዳፋቱ የሚመጣ ንጹህ ጎርፍ፣ በግቢው ላይ የሚዘንበውና ዝቃጩን፣ ማለትም ማዕድኑ ከወጣለት በኋላ የሚተርፈውን የደቀቀ ድንጋይ፣ የሚነካው ውሃ፣ እንዲሁም ወፍጮው ራሱ የሚጠቀምበት ውሃ። የሥራው ዋና ነገር እነዚህ ሦስቱ እንዳይገናኙ ማድረግ ነው። ይህን ለማወቅ ከቢሮ ተቀምጦ ካርታ ከማየት ይልቅ በሐምሌ ዝናብ ጃንጥላ ይዞ ግቢውን መዞር፣ ውሃው የት እንደሚገባ፣ የት እንደሚቋጥርና በየትኛው ጥግ እንደሚወጣ በወረቀት ላይ ማስፈር የተሻለ እንደሆነ አምናለሁ። የኮምቦልቻ ዝናብ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ስለሚወርድ፣ ከተዳፋቱም በፍጥነት ስለሚመጣ፣ በበጋ የተሠራ ንድፍ ብዙ ጊዜ የጎርፉን መንገድ ይስታል።

ንጹሁን ጎርፍ ለማራቅ ከግቢው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል። የወሎ ገበሬ ማሳውን ከጎርፍ የሚጠብቅበት ዘዴ ስለሆነ ቦዩን በደንብ የሚቆፍር ሠራተኛ በአካባቢው አይታጣም። ቁልቁለቱ በ100 ሜትር ርዝመት ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ቢሆን ውሃው ሳይቆም ይፈሳል፣ የቦዩንም ወለል በኃይል አይሸረሽርም። ቁልቁለቱ ከዚህ በሚበልጥበት ቦታ በድንጋይ መደልደል ወይም ክትር መሥራት ያስፈልጋል።

የቦዩን ጥቅም በስሌት ማየት ይቻላል። በአንድ ከባድ ዝናብ 60 ሚሊሜትር ቢወርድ፣ ሁለት ሄክታር በሆነ ግቢ ላይ 1,200 ሜትር ኪዩብ ውሃ ያርፋል፤ መሬቱ የተጠቀጠቀ ስለሆነ ከዚህ 80 በመቶው ቢፈስ 960 ሜትር ኪዩብ የተበከለ ውሃ ማጠራቀም ያስፈልጋል። መቀልበሻ ቦይ ከሌለና ከበላዩ ካለው አምስት ሄክታር ተዳፋት የዝናቡ ግማሽ ወደ ግቢው ከገባ ሌላ 1,500 ሜትር ኪዩብ ይጨመርበታል። ያ ውሃ ሲመጣ ንጹህ ነበር፤ ዝቃጩን ከነካ በኋላ ግን ሁሉም እንደ ተበከለ ይቆጠራል፣ ኩሬ ይፈልጋል፣ ኖራም ይፈልጋል።

የማጠራቀሚያው ኩሬ በግቢው ዝቅተኛ ቦታ ይሠራል፤ ይሁንና ከወንዝ ዳርቻና ጎርፍ ከሚተኛበት መሬት መራቅ አለበት። በሜዳው ላይ ያለው ጥቁር አፈር ሲረጥብ አብጦ ውሃ ስለሚይዝ ብዙዎች በእርሱ ይተማመናሉ፤ በጋ ሲገባ ግን ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም የተበከለ ውሃ ወደ ታች ይሰርጋል። ስለዚህ ጥቁር አፈርን ብቻውን የኩሬ ወለል ማድረግ አልመክርም። በመጠነኛ እርጥበቱ በየንብብሩ ተጠቅጥቆ፣ በላዩ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የጂኦመምብሬን ፕላስቲክ ቢነጠፍ ሁለቱ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናሉ። ፕላስቲኩ ከመነጠፉ በፊት ሹል ድንጋይ ይለቀማል፣ መጋጠሚያው በሙቀት ከተበየደ በኋላ በየመስመሩ ይፈተሻል። ውሃው ከኩሬው ጠርዝ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆይ ፓምፕ መዘጋጀት አለበት፤ ክረምት ሲገባም ኩሬው ባዶ ሆኖ መጠበቅ ይኖርበታል።

የተጠራቀመው ውሃ ወደ ወፍጮው ተመልሶ ቢሠራበት ከሁሉ ይሻላል። መልቀቅ የግድ ከሆነ በኖራ ፒኤቹ (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየው ቁጥር) ከ8.5 እስከ 9.5 ሲደርስ አብዛኞቹ የሟሙ ብረታ ብረቶች ይዘቅጣሉ፤ ውሃው ከመለቀቁም በፊት ፒኤቹ በውሃ መልቀቂያ ፈቃዱ ላይ ወደ ተወሰነው ልክ ይመለሳል። ባለስድስት ቫለንስ ክሮሚየም (በውሃ የሚሟሟውና መርዛማው የክሮሚየም ዓይነት) ግን በኖራ ብቻ አይወገድም፤ በመጀመሪያ ወደ ባለሦስት ቫለንስ መለወጥ አለበት። አርሴኒክም በአብዛኛው የብረት (አይረን) ጨው ካልተጨመረበት በበቂ አይዘቅጥም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያወጣው መለኪያ ለእርሳስና ለአርሴኒክ 0.01፣ ለካድሚየም 0.003 ሚሊግራም በሊትር መሆኑን ሲያስቡት፣ ውሃው ጠርቶ መታየቱ ምንም ማስረጃ እንዳልሆነ ይገባል። የብረታ ብረት ምርመራ ናሙና በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች ተደርጎ ይላካል፤ ለባለስድስት ቫለንስ ክሮሚየም የሚወሰደው ግን አሲድ አይጨመርበትም።

አፈሩን በተመለከተ የመጀመሪያው ናሙና የሚወሰደው ከግቢው ሳይሆን ሥራው ካልነካው፣ ከተዳፋቱ በላይ ካለ ተመሳሳይ አፈር ነው። ብረታ ብረት በተፈጥሮም በአፈር ውስጥ ስላለ ያለዚህ ማነጻጸሪያ የተበከለውን ካልተበከለው መለየት አይቻልም። ከዚያ ግቢው በካሬ ይከፋፈልና በየካሬው ከአምስት ነጥብ የተወሰደ አፈር ተደባልቆ አንድ ናሙና ይሆናል፤ ከ0 እስከ 20 እና ከ20 እስከ 50 ሴንቲሜትር ያለው ግን ለየብቻ ይያዛል። ኬሚካል የሚቀመጥበት፣ ዝቃጭ የሚጫንበትና ቧንቧ የሚገጣጠምበት ቦታ ግን ለየብቻው ይመረመር፤ ከሌላው ጋር ከተደባለቀ ከፍተኛው ብክለት በአማካዩ ውስጥ ይደበቃል።

ቁፋሮው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ተጀምሮ የበልግ ዝናብ ሳይደርስ መጠናቀቅ አለበት። በ400 ካሬ ሜትር ላይ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ሲነሳ 200 ሜትር ኪዩብ ይሆናል፤ ሲቆፈር ስለሚላላ 250 ገደማ ይደርሳል፣ ይህም ለባለ 16 ሜትር ኪዩብ ገልባጭ 16 ምልልስ ማለት ነው። ኤክስካቫተሩ ከተዳፋቱ በላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ የጸዳው ቦታ ዳግም በተበከለ ጎርፍ እንዳይታጠብ። የተነሳው አፈር በፕላስቲክ ላይ ተከምሮ በሸራ ይሸፈናል፣ ዙሪያውም በአፈር ግድብ ይታጠራል። ገልባጩ ሳይሸፈን፣ ጎማውም ሳይታጠብ ከግቢው አይወጣም፤ የእጥበቱ ውሃም ወደ ኩሬው ይገባል። አቧራው እንዳይነሳ ውሃ ይረጫል፤ ይህም ውሃ ንጹህ መሆን አለበት። ለሠራተኞች ተስማሚ የአቧራ ጭምብል፣ መታጠቢያና ልብስ መቀየሪያ ክፍል ይዘጋጅ፤ የእርሳስ አቧራ በልብስ ወደ ቤት ከገባ በመጀመሪያ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው።

አፈሩ የሚያርፍበት የመጨረሻ ቦታ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መፈቀድ ይኖርበታል። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለት ያደረሰ ሰው የማጽዳት ወይም የማጽጃውን ወጪ የመሸፈን ግዴታ አለበት፤ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1090/2010 ተደንግጓል። የቦታ ምርጫን ክብደት ለማየት በአሜሪካ ዩታ ግዛት በሞዓብ ከተማ አጠገብ የደረሰውን መጥቀስ ይበቃል። ከ1956 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. የሠራው የዩራኒየም ወፍጮ 16 ሚሊዮን ቶን ገደማ ዝቃጭ ወለሉ ባልተሸፈነ ቦታ በኮሎራዶ ወንዝ ዳር ከምሮ ተወ፤ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያ ክምር 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቅ ቦታ በባቡር ሲጋዝ ኖሯል።

ቁፋሮው ካለቀ በኋላ ከጉድጓዱ ወለልና ከግድግዳው ናሙና ይወሰዳል፤ ንጹህ አፈር የሚሞላውም የላቦራቶሪው ውጤት በእጅ ከገባ በኋላ ብቻ ነው። ከዚያም ከግቢው በላይ አንድ፣ በታች ቢያንስ ሁለት የመቆጣጠሪያ ጉድጓዶች ተቆፍረው ውሃቸው በበልግ፣ በክረምትና በበጋ ይመረመራል። የየዓመቱ የመጀመሪያ ጎርፍ በበጋ የተከማቸውን ሁሉ ጠርጎ ስለሚወርድ፣ በዚያ ቀን ናሙና የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ተመድቦ ጠርሙሱም ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።