ስክሪኑ ጠቆረ፣ ምስሉ ተበላሸ፦ የቪርቲዮ-ጂፒዩ ድራይቨር ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ለእውነተኛ ካርድ የጻፋችሁትን የግራፊክስ ድራይቨር ወደ ቨርቹዋል ማሽን ስታመጡ መጀመሪያ የሚያሳስታችሁ ልማድ ነው። ካርድ ላይ ሬጅስተር ውስጥ ትጽፋላችሁ፣ ካርዱ ይታዘዛል። እዚህ ግን ካርድ የለም፤ ያለው ቪርቲዮ-ጂፒዩ የሚባል፣ ለቨርቹዋል ማሽን የተሠራ የግራፊክስ መሣሪያ ነው። ጌስቱ (ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለው ሲስተም) ትእዛዙን ሜሞሪ ላይ አዘጋጅቶ ወረፋ ያስገባዋል። ሆስቱ (ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስኬደው ኮምፒውተር) አንስቶ ይሠራበታል፣ ከዚያ መልስ ይጽፋል። ወረፋው ሁለት ነው፤ አንዱ ለትእዛዝ፣ ሌላው ለማውስ ከርሰር።

ስለዚህ ምስሉ ላይ ከማፍጠጣችሁ በፊት መልሱን አንብቡ። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ድራይቨር መልሱን ሳያይ ይጥለው ነበር። ሆስቱ ስህተቱን በቁጥር እየነገረኝ ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ቦታ ስፈልግ ከረምኩ።

ድራይቨሩ ተነስቷል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው

አብዛኛውን ጊዜ ከአምስቱ ትእዛዞች አንዱ ተዘሏል። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ሪሶርስ (ሆስቱ ጋ ምስሉ የሚያዝበት ቦታ) መፍጠር፣ የጌስቱን ሜሞሪ ከሪሶርሱ ጋር ማያያዝ፣ ሪሶርሱን ከስክሪኑ ጋር ማገናኘት፣ ፒክሰሎቹን ወደ ሆስት ማስተላለፍ፣ በመጨረሻ ፍለሽ ማድረግ። ፍሬም በፈር (የስክሪኑ ፒክሰሎች የሚቀመጡበት የጌስት ሜሞሪ) ላይ መጻፍ ብቻውን ምንም አያሳይም። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ምስሉ በተቀየረ ቁጥር ይደገማሉ። ማስተላለፉ ከተረሳ ሆስቱ ጋ ያለው የድሮው ምስል ነው። ፍለሹ ከተረሳ ደግሞ አዲሱ ምስል ሆስቱ ጋ ደርሶ «አሳየው» የሚለው አጥቷል።

አምስቱም በቦታቸው ካሉ የመልሱን ቁጥር እዩ። ቁጥሮቹ ሄክሳዴሲማል ናቸው። 1100 ማለት ሰላም ነው። 1202 ከሆነ የስክሪኑ ቁጥር ተሳስቷል። 1203 ከሆነ ሆስቱ ሪሶርሱን አያውቀውም። የሪሶርስ መለያ ከ1 ይጀምራል። 0ን ከስክሪን ጋር ማገናኘት «ስክሪኑን አጥፋው» ማለት ስለሆነ ስህተት እንኳን ሳያሳይ ያጠቁርባችኋል።

ሜሞሪ ስታያይዙ 1200 ከመጣ አድራሻውን ጠርጥሩ። ሆስቱ የጌስቱን ቨርቹዋል አድራሻ አያውቅም። በፈሩ ለእናንተ አንድ ወጥ ቢመስልም ፊዚካል ሜሞሪ ላይ ተበታትኖ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ቁራጭ ከነአድራሻውና ከነርዝመቱ ዘርዝራችሁ ስጡ። ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ይህን ለዲኤምኤ ኤፒአዩ (ለመሣሪያ የሚሰጡ የሜሞሪ አድራሻዎችን ለሚያዘጋጀው የከርነሉ ክፍል) ተዉለት፤ በእጅ አትሞክሩት።

የተቀየረው ቦታ ላይ ሌላ የምስል ክፍል ይመጣል

ይቺ ተንኮለኛ ናት፤ ሙሉ ስክሪን ሲታደስ አትታይም። መስኮት ስታንቀሳቅሱ ግን የስክሪኑ ግራ የላይኛ ጥግ መሃል ላይ ተገልብጦ ታዩታላችሁ።

ምክንያቱ ኦፍሴት ነው። ማስተላለፊያው ትእዛዝ ሬክታንግሉን ብቻ ሳይሆን ፒክሰሎቹ ሜሞሪው ውስጥ ከየት እንደሚጀምሩም ይጠይቃል። ብዙ ሰው 0 ብሎ ይልከዋል። 1920 ፒክሰል ስፋት ያለው ምስል በፒክሰል 4 ባይት ሲሆን አንዱ መስመር 7680 ባይት ይወስዳል። ሬክታንግሉ ከግራ 100፣ ከላይ 50 ላይ ቢጀምር ኦፍሴቱ 50 ጊዜ 7680 ሲደመር 100 ጊዜ 4 ነው፦ 384400። ይህንን ሂሳብ ጨምሩ፣ ችግሩ ይጠፋል።

ቀዩ ሰማያዊ ሆኗል

ምክንያቱ ሪሶርሱ ሲፈጠር የሚሰጠው የፎርማት ቁጥር ነው። 1 ሰማያዊን ያስቀድማል፣ 67 ቀይን። ቁጥሩን ቀይሩ እንጂ ፒክሰሎቹን በሲፒዩ አታገላብጡ።

3ዲ ምስል ተገልብጦ ከመጣም ፈጣን መፍትሄ አለ። ኦፕንጂኤል (3ዲ ለመሳል የሚያገለግል ኤፒአይ) ከታች ይቆጥራል፣ ስክሪን ከላይ። የ3ዲ ሪሶርሱን ስትፈጥሩ ዜሮው ላይኛው ጫፍ እንደሆነ የሚነግረውን ፍላግ አብሩ።

3ዲው ይሠራል፣ ግን ይንቀራፈፋል

ጌስቱ ውስጥ ጂኤልኤክስ-ኢንፎን (የኦፕንጂኤል መረጃ የሚያሳይ ፕሮግራም) አስነሱና የሬንደረሩን፣ ማለትም ምስሉን የሚስለውን፣ ስም አንብቡ። ኤልኤልቪኤም-ፓይፕ ካለ ሥራውን የያዘው ሲፒዩው ነው። ቨርጂኤል ካለ ትእዛዙ ሆስቱ ጋ እየደረሰ ነው፤ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ሲፒዩ ላይ ከወደቀ ከሆስቱ ጀምሩ። ከኪውኢሙ (ሆስቱ ላይ ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) 6.1 ወዲህ 3ዲ ያለው መሣሪያ ለብቻው ነው፣ ስሙ ውስጥ ጂኤል የሚል አለበት። ማሳያውም ላይ ጂኤል መብራት አለበት። ኪውኢሙን የሚያስነሳው ዩዘር የካርዱን ሬንደር ኖድ (ፕሮግራሞች ካርዱን ለመሳል የሚከፍቱትን ፋይል) የመክፈት ፈቃድ ይኑረው፤ ይሄኛው በጣም ይረሳል። ከዚያ ወደ ጌስቱ ኑ። የሊኑክስ ከርነል 4.2 ድራይቨሩን ያመጣው በ2ዲ ብቻ ነው፣ 3ዲው የገባው 4.4 ላይ ነው። ድራይቨሩ የራሳችሁ ከሆነ ፊቸር ቢት 0ን (ሆስቱ 3ዲ እንዳለው የሚገልጽበትን ምልክት) ተቀበሉ። ሆስቱ 3ዲ አለኝ ቢልም እናንተ እሺ ካላላችሁ አይሰጣችሁም።

ቩልካን (ሌላ የ3ዲ ኤፒአይ) ፈልጋችሁ ከሆነ በቨርጂኤል አትድከሙ፣ እሱ የኦፕንጂኤል መንገድ ነው። ለቩልካን ቬነስ አለ፣ ኪውኢሙ ላይ ከ9.2 ጀምሮ።

ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ምስል

በፈሩን ሆስቱ ሳይጨርስ መልሳችሁ እየጻፋችሁበት ነው። ትእዛዙ ላይ የፌንስ ፍላግ ካበራችሁ ሆስቱ ሥራውን ሳይጨርስ መልስ አይሰጥም። ግን ይሄን ያየ ሁሉ እያንዳንዱ ትእዛዝ ላይ ፌንስ አድርጎ ቆሞ መጠበቅ ይጀምራል፣ ከዚያ ፍጥነቱ ገደል ይገባል። ጠብቁ፣ ግን በፈሩን እንደገና ልትጽፉበት ወይም ልትለቁት ስትሉ ብቻ።